ሥር የሚያወጣ ጭጋግ፣ ሥር የሚቀቅል ውሃ

በባልዲ ውስጥ ጭጋግ እያመነጩ የቅርንጫፍ ቁራጭን ሥር ማስያዝ ርካሽ ዘዴ ነው። ችግሩ ጭጋጉን የሚፈጥረው መሣሪያ ራሱ ውሃውን ማሞቁ ነው። ይህ ዘገባ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን መውጫ እንደሚያጣና በምን ቅደም ተከተል እንደሚገታ ይመለከታል።

ሚያዝያ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳማ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣውን ፀሐይ ወደ ታች ይለቃል። ያለንበት የአንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሱቅ ጓዳ ነው። በተፈታቱ ቴሌቪዥኖች መካከል ባለ 20 ሊትር ጥቁር ባልዲ መሬት ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ በትራፓኖ ተበስቶ በየቀዳዳው ስፖንጅ የታቀፈው ቁራጭ ቆሟል፤ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳ። በስፖንጁ ጠርዝ ነጭ ጭጋግ እየሾለከ ክዳኑ ላይ ይተኛል።

«እስኪ እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉ፣ ጋሼ» አለኝ ወጣቱ ባለሱቅ። ከክዳኑ በላይ ያዝ አደረግሁት። ጭጋጉ ይቀዘቅዛል።

«አሁን ደግሞ ውሃውን ይንኩት።»

ክዳኑን ገርበብ ሲያደርግልኝ እጄን አስገባሁ። ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ ነው። ቴርሞሜትሩ ለክፍሉ 29፣ ለውሃው 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። ከጽጌረዳዎቹ አንዷን መዘዝ አደረጋት። የተቆረጠው ጫፍ ጠቁሮ ላሽቋል፤ ሥር የሚባል ነገር አላወጣም።

«ሰው ጭጋግ ሲያይ ብርድ ይመስለዋል» አለ እየሳቀ። «እኔም ማታ ማታ ልብስ ላልብሰው ሁሉ አስቤ ነበር።»

ውሃ ሳያፈላ የሚያጨሰው ማሽን

ባልዲው ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ለቤት ማስጌጫ ፏፏቴ ተብሎ የሚሸጥ፣ መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። መሀሉ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ስስ ክብ ሴራሚክ አለች። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ፒየርና ዣክ ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያሳዩት በ1880 እ.ኤ.አ. ነበር። የጭጋግ ማሽኑ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ሴራሚኳ ትንቀጠቀጣለች። በእነዚህ ርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ ንቅናቄው በሴኮንድ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ ስለማይሰማ በጓዳው ውስጥ የሚሰማው የውሃ ፍንጥቅጣቂ ብቻ ነው።

የድምፁ ሞገድ ከታች ወደ ላይ ተወርውሮ የውሃውን ገጽ ሲመታ ገጹ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ሞገዶች ይሸበሸባል። ከየሞገዱ ጫፍም ጠብታ ይነጠላል። አሜሪካዊው ሮበርት ላንግ በ1962 እ.ኤ.አ. የጠብታው መጠን በእነዚህ ሞገዶች ርዝመት እንደሚወሰን በልኬት አሳይቷል፤ ንቅናቄው በፈጠነ ቁጥር ሞገዱ ያጥራል፣ ጠብታውም ይደቅቃል። በ1.7 ሚሊዮን ንቅናቄ የሚገኘው ጠብታ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ማሽኑ ውሃን ይበትናል እንጂ አያፈላም። በሰዓት 400 ሚሊ ሊትር ውሃ አትንኖ ለመጨረስ 270 ዋት ገደማ ኃይል ይጠይቃል። ባለ አንድ ሴራሚክ የሆነው ማሽን ግን 25 ዋት ገደማ እየበላ ለዚህ የሚቀርብ ውሃ ወደ አየር ይበትናል። ማትነኑ የሚመጣው በኋላ ነው። ጭጋጉ ከባልዲው ወጥቶ ደረቁን የክፍል አየር ሲያገኝ ይተናል፤ ሲተን ከአየሩና ከእጃችን ሙቀት ይወስዳል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። በክዳኑ ሥር ያለው አየር ግን እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ምንም አይተንበትም፤ ስለዚህ ማቀዝቀዝም የለም። እጄ ያገኘው ቅዝቃዜ ከባልዲው ውጭ የተፈጠረ ነው፤ ሥር ሊያወጣ የሚሞክረው ጫፍ ዘንድ አይደርስም።

25 ዋት የት ይሄዳል?

ወደ ማሽኑ የገባው ኃይል፣ ጠብታዎቹን ለመነጠል ከሚጠፋው ኢምንት ክፍል በቀር፣ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። ሴራሚኳ ስትንቀጠቀጥ ትሞቃለች፤ የድምፁ ሞገድም ውሃው ውስጥ እየተዋጠ ያሞቀዋል። ማሽኑ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ስለሚሠራ ሁሉም እዚያው ይቀራል።

ሒሳቡን ለመሥራት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። 25 ዋት በአንድ ሰዓት 90 ኪሎ ጁል ነው። 10 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 42 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ምንም ሙቀት ባይወጣ ውሃው በየሰዓቱ ሁለት ዲግሪ ይጨምራል፤ 5 ሊትር ብቻ ከሆነ አራት።

በእርግጥ ባልዲው ከክፍሉ በልጦ ሲሞቅ በግድግዳው በኩል ሙቀት ያስወጣል። ባለ 20 ሊትር ስስ የፕላስቲክ ባልዲ ከክፍሉ በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር 2.5 ዋት ገደማ ይለቃል ብንል፣ 25 ዋቱን ለማስወጣት ከክፍሉ በአሥር ዲግሪ መብለጥ አለበት። ጓዳው 29 ዲግሪ ነው፤ ውሃው 38 መድረሱ አሁን አያስገርምም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው ሲሞቅበት ባልዲውን በፎም ይጠቀልለዋል። ፎም የውጭ ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል፤ የውስጡ እንዳይወጣም እንዲሁ ይከለክላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ፎም መውጫውን በብዙ እጥፍ ሊያጠበው ይችላል። ማሽኑ ደግሞ እየነደደ ያለው ከውስጥ ነው። ወጣቱ ባልዲውን ልብስ ሳያለብስ መተዉ በጀው።

ፎም የሚጠቅመው ሙቀቱ ከውጭ ሲሆን ነው። ባልዲው ግቢ ውስጥ ከተቀመጠ ዋናው ጠላት ማሽኑ ሳይሆን ፀሐይ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ትጥላለች። የባልዲው ጎን 0.1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ጥቁር ባልዲ 100 ዋት ገደማ ይጠጣል ማለት ነው፤ ያውም ከማሽኑ አራት እጥፍ።

ቁራጩ ምን ይፈልጋል?

ከእናት ተክሉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር የለውም፤ የሚኖረው በግንዱና በቅጠሉ ባለው ስንቅ ነው። ቁስሉን አድኖ፣ ሴሎቹን አብዝቶ አዲስ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ስንቁ መብቃት አለበት። ሙቀት እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። ለብዙ ዕፅዋት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ የግንድ ጫፍ ሥር የማውጣት ሥራውን ያፋጥናል። ለዚህም ነው አትክልተኞች ከታች ሞቅ፣ ከላይ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የሚመርጡት፤ ቡቃያው ሳይቸኩል ሥሩ ይቀድማል።

ከ30 ዲግሪ በላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የሴሎቹ ትንፋሽ በግምት እጥፍ ስለሚሆን ስንቁ ቶሎ ያልቃል። የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ሲጨምር ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ደግሞ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም፣ 30 ዲግሪ የሆነው 7.6 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይይዛል። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ስለሚቀንስ 30 ዲግሪ የሆነው ውሃ ወደ 6 ሚሊ ግራም ይወርዳል። የጭጋግ ዘዴ ከውሃ መንከሪያው የሚሻለው ግንዱን አየር ላይ ሰቅሎ በስስ እርጥበት ብቻ ስለሚያለብሰው ነው። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል።

ሌላው ጠላት ፒቲየም ነው። ፒቲየም በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ዘሮችን የሚለቅ፣ ሻጋታ መሳይ ተሕዋስ ነው። የያዘው ሥር ቡናማ ይሆናል፤ በጣት ሲጎትቱት ልጣጩ ወልቆ ክር የመሰለው መሀሉ ይቀራል። ከዝርያዎቹ መካከል ፒቲየም አፋኒደርማተም ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ይመቸዋል፤ ፒቲየም አልቲመም ግን ቀዝቀዝ ባለውም ያጠቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ ብቻውን ጽዳትን አይተካም። በእያንዳንዱ ዙር መካከል ባልዲውን፣ ክዳኑንና ስፖንጁን በበረኪና አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ ግድ ነው።

የሚገርመው ይኸው 25 ዋት አዲስ አበባ ላይ ሲሳይ መሆኑ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ክፍሉ 14 ወይም 15 ዲግሪ ሲሆን፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ማሽን ውሃውን ወደ 24 እና 25 ዲግሪ ያደርሰዋል። በአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት የሠራ አቀማመጥ በአዳማ ሚያዝያ ላይ ያንኑ ውጤት አይሰጥም።

ከባልዲው በፊት

ሥርን በአየር ላይ ሰቅሎ ማሳደግ አዲስ አይደለም። ኔዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪትስ ዌንት በ1957 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ኤሮፖኒክስ ብሎ ሰየመው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶነር ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አበቃው።

በእኛ አገር ዘዴው የሚታወቀው በድንች ነው። በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከበሽታ የጸዳ የድንች ዘር በኤሮፖኒክስ ለማባዛት ተሠርቶበታል። መቀመጫውን ሊማ ያደረገው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከልም ለዚሁ ሥራ በ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያ አሳትሟል። እነዚህ ተቋማት ግን የሚጠቀሙት ፓምፕና መርጫ አፍንጫ ነው። ፓምፑ ከሥሩ ሳጥን ውጭ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚሠራውም በየመሀሉ ለአጭር ጊዜ ነው። የቤት ውስጡ ባልዲ ግን ማሽኑንም፣ ውሃውንም፣ ሥሩንም አንድ ክዳን ሥር ያስቀምጣል፤ ቀኑን ሙሉም ያነደዋል። ርካሽነቱም ችግሩም የመጡት ከዚሁ ነው።

ከማቀዝቀዝ በፊት አለማሞቅ

ሙቀት ሲበዛ መጀመሪያ የሚታሰበው በረዶ ነው። እኔ ግን የምለው ተቃራኒውን ነው፤ በረዶ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

አንደኛው እርምጃ ጥላ ነው። ባልዲው ከፀሐይና ከቆርቆሮ ግድግዳ ይራቅ። ብርሃን እንዳይገባና አረንጓዴ ዝቃጭ እንዳይበቅል ጥቁር ባልዲ ጥሩ ነው፤ ከውጭ ግን ነጭ ቀለም ይቀባ። የ220 ቮልት አዳፕተሩም ከውሃው ከፍ ብሎና ርቆ ይሰቀል። የራሱን ሙቀት ውጭ ያስቀራል፣ ከአደጋም ይጠብቃል።

ሁለተኛውና ዋናው ታይመር ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው ርካሽ ሜካኒካል ታይመር ቀኑን በ15 ደቂቃ ይከፋፍላል። 15 ደቂቃ አብርቶ 45 ደቂቃ ቢያጠፋ አማካይ ኃይሉ ከ25 ወደ 6 ዋት ገደማ ይወርዳል። ባልዲው ከክፍሉ የሚበልጥበት አሥር ዲግሪም ወደ ሁለት ተኩል ይወርዳል። ቁራጩ ግን አይደርቅም፤ ክዳኑ በደንብ ከገጠመ አየሩ እንደጠገበ ይቆያል፣ ግንዱም ላይ ያረፈው እርጥበት አይተንም። በዚሁ ምክንያት መብራት ለአጭር ጊዜ ቢጠፋ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው «ምን ሆኑ» እያሉ ክዳን መክፈት ነው።

ሦስተኛው ማሽኑን ከሥሩ መለየት ነው። ጭጋጉ በሌላ ዕቃ ተመርቶ በሰፊና አጭር የፕላስቲክ ቱቦ፣ በትንሽ የኮምፒዩተር ፋን እየተገፋ ወደ ባልዲው ይግባ። ጭጋግ ብዙ ሙቀት መሸከም አይችልም። በሰዓት 350 ሚሊ ሊትር ጭጋግ፣ ውሃው ከባልዲው በአሥር ዲግሪ እንኳ ቢሞቅ፣ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 4 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው 20 ዋት በማምረቻው ዕቃ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ የሚጎዳው ሥር የለም። ማምረቻው ሰፊ የብረት ድስት ቢሆን ከፕላስቲክ የተሻለ ያስወጣዋል። ውሃው ከሴራሚኳ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑም አይረሳ፤ ሲጠልቅ ጭጋጉ ይዳከማል፣ ሲደርቅ ደግሞ ሴራሚኳ ትቃጠላለች።

አራተኛው የእንስራው ዘዴ ነው፤ ባልዲውን ወይም ድስቱን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ቬንቲሌተር ማዞር። 30 ዲግሪ በሆነና እርጥበቱ 30 ከመቶ በሆነ የበጋ አየር ውስጥ የረጠበ ጨርቅ በመርህ ደረጃ እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ባልዲው ውስጥ ያን ያህል ባይወርድም ጥቂት ዲግሪ ማትረፍ ይቻላል። አየሩ 80 ከመቶ እርጥበት ሲይዝ ግን ወሰኑ ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያኔ ጆንያው ውሃ መጨረስ ብቻ ይሆናል።

በረዶ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሞልቶ ፍሪጅ ውስጥ የተጋገረ ሃይላንድ ቀልጦ 20 ዲግሪ እስኪደርስ 418 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል። ሌት ተቀን የሚሠራ ባለ 25 ዋት ማሽን በቀን 2,160 ኪሎ ጁል ይለቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ከአምስት ሃይላንድ በላይ ያስፈልጋል። በታይመሩ ግን 540 ኪሎ ጁል ብቻ ስለሚሆን አንድ ተኩል ይበቃል። ሙሉውን በአንዴ መክተትም አይገባም። ባለ አንድ ሊትሩ በረዶ 28 ዲግሪ የሆነ 10 ሊትር ውሃን ወደ 18 ገደማ ሊያወርደው ይችላል፤ ቁራጭ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መዋዠቅ አይወድም። ትናንሽ ጠርሙሶችን በሞቃቱ ሰዓት ማፈራረቅ ይሻላል። በረዶ ከገባ ወዲያ ፎሙም ቦታ ያገኛል፤ አሁን የሚጠበቀው ቅዝቃዜ ነውና።

ለሚተነፍሰው ሰው

ለብ ያለ ውሃ የሚያሳስበው ለተክል ብቻ አይደለም። የሳንባ ምች የሚያስከትለው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ በደንብ ይራባል። ከአምስት ማይክሮን ያነሰ ጠብታ ደግሞ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል መድረስ ይችላል። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ቦጋሉሳ በምትባል ከተማ ከ30 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ነበር። ምንጩ ሲጣራ የተገኘው አትክልት መደርደሪያን ለማርጠብ በአንድ የምግብ መደብር ውስጥ የተተከለ፣ በዚሁ በማይሰማ ድምፅ የሚሠራ የጭጋግ ማሽን ነው።

የባልዲ ባለቤት ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ውሃው በየጥቂት ቀኑ ይቀየር፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ክዳን አይከፈት፤ ባልዲው ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይደር። ሴራሚኳ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ማዕድን በአቼቶ ማላቀቅም የጽዳቱ አካል ነው። ቁራጩ ሥር እስኪያወጣ ማዳበሪያ ስለማይፈልግ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል።

በቴርሞሜትር መፍረድ

አዳማ ያለው ወጣት አሁን ሁለት ቴርሞሜትር አለው፤ አንዱ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ከቁራጮቹ ጫፍ አጠገብ የተንጠለጠለ። ሊጠበቅ የሚገባው የሁለተኛው ንባብ ነው። ከ22 እስከ 25 ከሆነ ምንም መንካት አያስፈልግም፤ 28 ካለፈ የታይመሩ ዕረፍት ይርዘም፤ ከ18 በታች ከወረደ ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይሥራ። ቅጠል ከጠወለገ ደግሞ ክዳኑና ስፖንጁ መግጠማቸው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ እርጥበቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

«ችግሩ ጎብኚ ነው» አለኝ። «ታይመሩ ባጠፋበት ሰዓት ይመጡና ጭጋግ የለም፣ ተበላሽቷል ይሉኛል።»

እውነቱን ነው። የዚህ ባልዲ ትልቁ ፈተና ጭጋጉ ለዓይን ማማሩ ነው። ደመናው ሲወፍር ሥራው የሠመረ ይመስላል፤ ሲሳሳ እጅ ወደ ማብሪያው ይሄዳል። ቁራጩ ግን የሚፈልገው እርጥብ አየርና ያልሞቀ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ይገኛሉ። ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ቶሎ ወደ አፈር ይዛወር። ጥላ ሥር በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ላስቲኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ደረቁን አየር ይልመድ። በሞቀ ባልዲ ውስጥ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለፒቲየም ዕድል መስጠት ነው።